ባሕረ ሐሳብ በናስ

ከፍራንክፈርት የተነሣው ባቡር ኬል የምትባለውን የጀርመን ድንበር ከተማ እንዳለፈ የራይንን ወንዝ ይሻገራል። ውኃውን አይተን ሳንጠግብ ፈረንሳይ ገባን። ትንሽ ቆይቶ ከከተማው ጣሪያ ሁሉ በላይ ብቻውን የቆመ ሾጣጣ ግንብ ታየኝ። የስትራስቡርግ ካቴድራል ነው። በደቡብ በኩል ሊቆምለት የነበረው መንትያው ግንብ ሳይሠራ ስለቀረ፣ ሕንፃው እስከ ዛሬ አንድ ቀንድ ብቻ የበቀለለት ይመስላል። ቁመቱ 142 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1647 እስከ 1874 በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም።

የመጣሁት ግን ለግንቡ ብዬ አይደለም፤ ውስጡ ያለ አንድ ሰዓት ለማየት ነው። ፍራንክፈርት የምትኖረው እኅቴ በዋዜማው ስንቅ እየቋጠረችልኝ፣ «ሰዓት ለማየት ብለህ አገር ትሻገራለህ?» ብላኝ ነበር።

«ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ፋሲካን የሚያሰላ ማሽን ነው» አልኳት።

እጇን ከቋጠሮው ላይ አንሥታ፣ «እንደ አባባ?» አለችኝ። አባባ የምንለው አያታችንን ነው።

«አዎ፣ እንደ አባባ።»

ዕለቱ ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ አንድ ወር ከአንድ ቀን ሆኖታል። ስንቄም የጾም ነበር፤ አምባሻና የተቆላ ሽምብራ።

እንጀራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሆኖም ኮምፒውተር ሲያሰላ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ሊታይም አይችልም። ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቅንጣት ውስጥ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ነገር አለ፤ እኛ የምናየው ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልስ ብቻ ነው። ይህ ነገር ዓመት ባለፈ ቁጥር እየከነከነኝ መጣ። ስለዚህ ስሌት በዓይን የሚታይባቸውን ማሽኖች መፈለግ ጀመርኩ፤ ኤሌክትሪክ የማያውቁ፣ በጥርስ፣ በዘንግና በክብደት ብቻ የሚያሰሉትን።

የመጀመሪያውን ያየሁት ለንደን፣ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቻርልስ ባቤጅ እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1849 የነደፈው፣ ግን በሕይወቱ ሳለ ሊሠራው ያልቻለው «ዲፈረንስ ኢንጂን ቁጥር 2» የሚባል ማሽን እዚያ ቆሟል። (ከዚህ በኋላ የአውሮፓን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።) ሙዚየሙ ከ1985 ጀምሮ ንድፉን ተከትሎ ሲሠራ ቆይቶ፣ ባቤጅ በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ በ1991፣ የስሌቱን ክፍል ጨረሰ። ውጤቱን የሚያትመው ክፍል ታክሎ ሙሉ የሆነው በ2002 ነው። 8,000 ክፍሎች አሉት፤ 5 ቶን ይመዝናል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተቀረጸባቸው የነሐስ መንኮራኩሮች በዓምድ በዓምድ ተደርድረዋል፤ እጀታው ሲዞር አንዱ ዓምድ ያለውን ቁጥር ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ጎረቤቱ ይደምራል።

ማባዛት የለም፤ መደመር ብቻ። ለምሳሌ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያለ የሚሄደውን የካሬ ቁጥሮች ሰልፍ እንውሰድ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3፣ 5፣ 7፣ 9 ነው፤ የልዩነቶቹ ልዩነት ደግሞ ምንጊዜም 2። እንግዲህ 2ን ወደ 9 ደምሮ 11 ያገኘ፣ 11ን ወደ 25 ደምሮ 36 ያገኛል፤ ስድስትን በስድስት ማባዛት ሳያስፈልገው። ነሐስ ማባዛት ይከብደዋል፣ መደመር ግን አንድን መንኮራኩር ጥቂት ጥርስ መግፋት ብቻ ነው። ባቤጅ ማሽኑን ሁሉ የገነባው በዚህች ዘዴ ላይ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ለባቤጅ የመጀመሪያ ማሽን ከ17,000 ፓውንድ በላይ ካወጣ በኋላ በቃኝ ያለው በ1842 ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን ዣን ባፕቲስት ሽዊልጌ የሚባል የ65 ዓመት ሰዓት ሠሪ ስትራስቡርግ ካቴድራል ውስጥ አዲሱን የሥነ ፈለክ ሰዓት አስጀመረ። የኮምፒውተር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ለባቤጅ ምዕራፍ ይሰጣሉ፣ ለሽዊልጌ ግን አንድ መስመር እንኳ አይተርፈውም። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የአንደኛው ማሽን ወረቀት ላይ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲጠብቅ፣ የሌላኛው በየዓመቱ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል፤ ዛሬም እየሠራ ነው።

አያቴ በጎጃም ገጠር መሪጌታ ነበሩ። በጳጉሜ 1979 ዓ.ም. እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ያለች ከሰዓት በኋላ፣ ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። ከነገ ወዲያ እንቁጣጣሽ ነው፤ በዕለቱ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በቤተ ክርስቲያን ይታወጃሉ። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ሁሉም በዚያች ቀን ይነገራል። አያቴ የሚያውጁትን አስቀድመው ከእኔ ጋር ሊያሰሉ ፈለጉ።

«ዓመተ ዓለሙን አምጣ» አሉኝ።

5500 ላይ 1980 ደመርኩ። 7480።

«በዐሥራ ዘጠኝ ግደፈው።»

በእንጨት መሬት ላይ እየጻፍኩ አካፈልኩ። 393 ደረሰ፣ 13 ተረፈ። «393ቱስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱ አለፈ፤ አይፈለግም። የቀረውን ያዝ። መደቡ ዐሥራ ሦስት ነው። አሁን አንዱን ለዘመኑ ተውለት።»

12 ቀረ። ይኸ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ገደፉት፤ አበቅቴ 12 ወጣ። ያንኑ ወንበር በ19 አባዝተው በ30 ገደፉት፤ መጥቅዕ 18 ወጣ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ነገር አልጻፉም። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይራመድ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«ሁለቱን ደምራቸው» አሉኝ።

«ሠላሳ።»

«ሁልጊዜ ሠላሳ ነው። አልሞላ ካለህ ተሳስተሃልና እንደገና ጀምር።»

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው ይህች የመጨረሻ ቃል ምን እንደሆነች የገባኝ። እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች መረጃ ከመንገድ ተበላሽቶ እንዳይደርስ መጨረሻው ላይ ማረጋገጫ ቁጥር እናስቀምጣለን። አያቴ በአበቅቴና በመጥቅዕ ድምር ይህንኑ ያደርጉ ነበር። እሳቸውም ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው፤ ትውፊቱ ይህን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ እስከ ቅዱስ ድሜጥሮስ ያደርሰዋል።

የጣት ነገር ደግሞ በእኛ ብቻ የሚቀር አይደለም። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 በጻፈው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ እንዲሁ በእጅ መቁጠርን ያስተምራል። የአንድ እጅ ጣቶች 14 አንጓ አላቸው፤ አምስቱ ጥፍሮች ሲጨመሩ 19፣ የጨረቃ ዑደት። የሁለት እጅ አንጓ ብቻውን ሲቆጠር 28፣ የፀሐይ ዑደት። ፋሲካን ለማግኘት የሚያስፈልጉት ሁለቱ ዋና ቁጥሮች ሁለቱም ሰው እጅ ላይ አሉ።

ካቴድራሉ የተሠራበት ድንጋይ ሮዝ መልክ አለው፤ ከቮዥ ተራሮች የመጣ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ከውጭ በመጋቢት ብርሃን የሞቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። ሰዓቱ በደቡቡ ክንፍ፣ መላእክት ከተቀረጹበት ረጅም ዓምድ አጠገብ ቆሟል። 18 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቅርፊቱ፣ ማለትም ሥዕሎቹና የእንጨት ሥራው፣ ከ1574ቱ አሮጌ ሰዓት የተረፈ ነው። ያ ሰዓት በ1788 ቆመ፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ማንም ሳይነካው ቆየ። ሽዊልጌ በልጅነቱ ከቆመው ሰዓት ፊት ቆሞ «እኔ አስነሣዋለሁ» ብሎ ነበር ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሥራው ሳይሰጠው ብዙ ዓመት ሚዛን እየሠራ ኖረ፤ የፋሲካውን ስሌት ክፍል ግን ማንም ሳያዝዘው በ1821 በትንሹ ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። ሥራው የተሰጠው በ1838 ነው። ቅርፊቱን ትቶ ውስጡን በሙሉ በአዲስ ተካው።

ከቀትር በፊት ሕዝቡ ሞላ። የተማሪ ቡድን ነበር፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የመጡ አዛውንቶችም ነበሩ። በፈረንሳይ ሰዓት 12:30 ሲሆን፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፣ ሰዓቱ ገና እኩለ ቀን አለ። ሠላሳ ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀረው ስለተበላሸ አይደለም፤ የሚቆጥረው ስትራስቡርግ ላይ ያለችውን ፀሐይ ነው፣ ግማሽ አውሮፓ ለባቡር መርሐ ግብር ብሎ የተስማማበትን ሰዓት አይደለም። ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ለሚጀምር አገር ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም። ሞት በዐፅም አምሳል ቆሞ ሰዓቱን ደወለ። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በክርስቶስ ፊት አንድ በአንድ አለፉ፤ እሱም ባረካቸው። ከላይ በግራ ያለው ዶሮ ክንፉን እያራገበ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሕዝቡ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

እኔ ቀረሁ። እኔ የመጣሁለት ነገር አይንቀሳቀስም ነበር፤ በዓመት አንዴ፣ ዲሴምበር 31 ሌሊት ብቻ ነው የሚሠራው።

ከሰዓቱ ግርጌ፣ በስተግራ፣ ከመስታወት በስተኋላ የናስ መንኮራኩሮች ክምር አለ። ፈረንሳዮቹ የቤተ ክርስቲያን ስሌት ይሉታል። ከአጥሩ ራቅ ያለ ስለሆነ ስልኬን አውጥቼ ምስሉን አቀረብኩት። ከላይ የዓመቱ ቁጥር በአራት አሃዝ ይታያል። ከሥሩ ክብ ክብ ገጾች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠቋሚ አላቸው። የፀሐይ ዑደት፣ ከ28። ኢንዲክሽን የሚሉት የ15 ዓመት ዑደት። የእሑድ ፊደል። አበቅቴ፤ እነሱ ኤፓክት ይሉታል። «የወርቅ ቁጥር» የሚሉት ደግሞ ከ19 የሚቆጠር ነው፤ ጠቋሚው 12 ላይ ነበር።

ከኪሴ የባቡሩን ቲኬት አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። 5500 ሲደመር 2017፣ 7517። በ19 ገደፍኩት። 395 ደረሰ፤ አለፈ፣ አይፈለግም። የቀረው፣ 12።

ለረጅም ጊዜ ቲኬቱን ይዤ ቆምኩ። በኋላ ሒሳቡን ሠርቼ እንዳረጋገጥኩት ይህ የዚያ ዓመት ግጥምጥሞሽ አይደለም፤ የእኛ መደብና የእነሱ የወርቅ ቁጥር ምንጊዜም አንድ ነው። የዓመቱ ቁጥር ቢለያይ፣ መባቻው ቢለያይ፣ የሚቆጠረው ያችው ጨረቃ ናት። የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 የታወቀበት ነገር ይኸው ነው፦ 19 ዓመትና 235 ጨረቃ በሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት ብቻ እኩል ናቸው። በ1901 ከግሪክ ባሕር፣ ከአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከሰጠመ መርከብ የወጣው የነሐስ መሣሪያ፣ ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ፣ ከጀርባው 235 ክፍል ያለው ጠመዝማዛ ገጽ አለው። ሠላሳ መንኮራኩሮቹ ተርፈዋል። ይህችን ቁጥር በብረት ጥርስ መያዝ የተጀመረው እንግዲህ ከሽዊልጌ ብዙ አስቀድሞ ነው።

መንኮራኩር እንዴት ያካፍላል? ቆሜ ሳየው የአያቴ ቃል መጣልኝ። 19 ጥርስ ያለው መንኮራኩር በየዓመቱ አንድ ጥርስ ቢገፋ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ወደ መነሻው ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንደዞረ አያውቅም። 393 ይሁን 395፣ አልፏል፤ የያዘው የቀረውን ብቻ ነው። ግደፈው የሚለውን ትእዛዝ በናስ ብትጽፈው ክብ ሆኖ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀሪ የሚያወጣውን ትእዛዝ በኪቦርድ ስጽፍ አንድም ቀን ክብ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ለሽዊልጌ አስቸጋሪው ግን ዑደቱ አልነበረም፤ ዑደቱን የሚያፈርሰው ነገር ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1582 ሲደነገግ፣ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው ቀን በመቶ ዓመት መዝጊያ እንድትቀር፣ በአራት መቶ ዓመት መዝጊያ ግን እንዳትቀር ተባለ። ስለዚህ 1900 አልተጨመረበትም፣ 2000 ተጨመረበት። አበቅቴውም እንዲሁ በመቶ ዓመቱ መዝጊያ አንዳንዴ አንድ ይቀነስበታል፣ በ2,500 ዓመት ውስጥ ደግሞ ስምንት ጊዜ አንድ ይጨመርበታል። እነዚህን ሁሉ ከግምት ሲያስገቡ የምዕራቡ ፋሲካ ሰልፉን ጨርሶ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው። ሽዊልጌ ይህን በመንኮራኩር ሠራው። በ400 ዓመት አንዴ ብቻ የሚያስፈልግ ክፍል ቀርጾ፣ ሞርዶ፣ ዘይት ቀብቶ ቦታው ላይ አስቀመጠው፤ ራሱ በ1856 ሞተ። ያ ክፍል የመጀመሪያ ሥራውን ሲሠራ ሠሪው ከሞተ 143 ዓመት ሆኖታል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ዐሥር ዓመት ሳይለወጥ ከኖረ ዕድሜ ጠገብ ይባላል።

ስሌቱ ሲያልቅ መልሱ በዘንግ በኩል መካከል ወዳለው ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ቀለበት ይተላለፋል። ፋሲካና ከእሱ ጋር የሚጓዙት በዓላት በየቀናቸው ላይ ይሰለፋሉ፤ ቀለበቱ በዓመት አንዴ ይዞራል፣ አፖሎ በቀስቱ ዕለቱን ያሳያል። ማንም ምንም አይጽፍለትም። በመስከረም አንድ አውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የሚያውጅ መሪጌታ ቦታ የተተካው በዚህ ቀለበት ነው።

ስወጣ ከካቴድራሉ አጠገብ ባለ መንገድ አንድ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ በግ የሚመስሉ ኬኮች ተደርድረው አየሁ። ተኝተው ቀና ያሉ ትንንሽ በጎች፣ ስኳር እንደ በረዶ የተነሰነሰባቸው። ላማላ ይባላሉ፤ አልዛስ አገር ያለዚህ ኬክ ፋሲካ የለም። ገብቼ ለእኅቴ ልጆች አንድ ጠየቅኩ። ሻጭዋ ሽበታም ሴት ናቸው፤ እየጠቀለሉልኝ፣ «ለእርስዎስ አንድ አልጨምርም?» አሉኝ።

«እንቁላል አለበት፤ እኔ እስከ ፋሲካ ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው።

«ፋሲካችሁ መቼ ነው?»

ቲኬቱን አውጥቼ መደርደሪያው ላይ ቀጠልኩ። ወንበር 11። አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29፣ ድምሩ ሠላሳ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፣ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33፤ ሠላሳው ሲገደፍ 3። ነነዌ የካቲት 3። በዚያ ላይ 69 ቀን፣ ሚያዝያ 12። ወደ እሳቸው አቆጣጠር ስመልሰው አፕሪል 20 ሆነ።

ሴትየዋ ከግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በጣታቸው ነኩ። አፕሪል 20። «አንድ ቀን ነው!» አሉ፤ ቲኬቱንም አንሥተው የማያነቡትን ፊደል ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁለቱ አቆጣጠሮች በየጊዜው ይገናኛሉ፣ ይለያያሉም፤ በዚያ ዓመት ተገናኝተው ነበር።

በመልሱ ባቡር ላይ አምባሻዬን እየበላሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእኛ አቆጣጠር የመቶ ዓመት ጣጣ የለበትም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፣ በቃ። ስለዚህ ፋሲካችን ሰልፉን የሚጨርሰው በ5,700,000 ዓመት አይደለም፤ 19 ሲባዛ በ28፣ በ532 ዓመት ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ይህ ማለት ሽዊልጌን ያደከመው ክፍል በሙሉ ለእኛ አያስፈልግም። አንድ የ19 መንኮራኩርና አንድ የ28 መንኮራኩር በየዓመቱ አንድ አንድ ጥርስ ቢገፉ፣ የባሕረ ሐሳብ አብዛኛው ሥራ ያልቃል። በናስም መሆን የለበትም፤ እንጨት ይበቃል።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ፣ ከሰፈራችን አናጢ ጋር ጀመርነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። የመጀመሪያው ፈተና ክብን በ19 እኩል መክፈል ነው፤ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የማይቻል ነገር ነው። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ክቡን ትንሽ ካየ በኋላ፣ «ሃያ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ጨረቃ ናት ያመጣችው፣ ጋሼ።»

መላውን ያገኘው ግን እሱ ነው። ክቡን አይደለም የምንከፍለው፣ ወረቀቱን ነው አለ። 57 ሳንቲ ሜትር የወረቀት ጥብጣብ ቆረጠ፤ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አደረገ፣ 19 ሆነ። ከዚያ ዙሪያው ልክ 57 የሚሆን ክብ በሴጌቶ ቆርጦ ጥብጣቡን በኮላ ጠቀለለበት። ለ28ቱ 84 ሳንቲ ሜትር። ጥርሶቹን ቆርጦ በሞረድ አስተካከላቸው፤ ሁለት ቀን ፈጀ። መካከላቸውን በትራፓኖ በሳን፤ ዘንግ አደረግንላቸው። አንድ እጀታ ሁለቱንም አንድ ጥርስ ይገፋል፤ በላስቲክ የተሳበች የእንጨት ምላስ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ ትይዛቸዋለች።

አንድ ነገር ላይ ብዙ አሰብኩ። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ ስለዚህ በ30 ጥርስ መንኮራኩር ላይ በየዓመቱ 11 ጥርስ በመግፋት ሊሰላ ይችል ነበር። ግን ወንበር ከ18 ወደ ባዶ ሲመለስ 12 መግፋት ያስፈልጋል። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ፣ አንድ ጥርስ ጨምሮ። የሽዊልጌ ጣጣ በትንሹ እኛም ቤት አለ። እኔ በሌላ መንገድ ሄድኩ፦ ዐሥራ ዘጠኙን አበቅቴዎች ከነመጥቅዓቸው በ19ኙ መንኮራኩር ፊት ላይ በተርታ ጻፍኳቸው፤ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14 እያሉ እስከ 18። ማሽኑ አያሰላቸውም፣ ያስታውሳቸዋል። በኮምፒውተር ሥራም ይህ ምርጫ በየቀኑ ይመጣል፤ ደጋግሞ ማስላት ወይስ አንዴ አስልቶ በሰንጠረዥ ማኖር። በእንጨት ግን የመረጥከው ነገር ፊት ለፊትህ ቆሞ ታየዋለህ።

መጥቅዕንና ተውሳክን ደምሮ ነነዌን የሚያወጣው ሦስተኛ ክፍል ገና ነው። ለእሱ ከመንኮራኩር ይልቅ ተንሸራታች ሰሌዳ አስቤያለሁ፤ ኮንራድ ዙሴ ከ1936 እስከ 1938 በርሊን ውስጥ በወላጆቹ ሳሎን፣ ጓደኞቹ እየረዱት፣ ወዲያና ወዲህ ከሚንሸራተቱ የብረት ሰሌዳዎች ዜድ 1 የተባለውን ኮምፒውተሩን እንደሠራው። የመጀመሪያው በጦርነቱ ቦምብ ጠፋ፤ ራሱ ዙሴ በእርጅናው እንደገና የሠራው በርሊን የቴክኒክ ሙዚየም ውስጥ አለ። ለዚያ ገና አልሄድኩም።

ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማምሻውን ሁለቱን መንኮራኩሮች ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆምናቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ እጀታውን ይዛለች። ከመንኮራኩሮቹ ፊት ያለችው መስኮት የ2017ን መደብ፣ 12ን፣ ታሳያለች።

«አሁን ግፊ» አልኳት።

የእንጨቷ ምላስ ጠቅ አለች። መደብ 13፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18።

«ደምሪያቸው።»

«ሠላሳ!»

የቀረውን በጭንቅላቴ አወጣሁት። መስከረም 18 እሑድ ነው፣ ተውሳኩ 7፤ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። የስትራስቡርጉ ናስ ደግሞ ዲሴምበር 31 ሌሊት ሲሠራ አፕሪል 5 ይላል፣ በእኛ መጋቢት 27፤ በ2018 በሳምንት እንለያያለን። ልጄ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበችው።

«አባዬ፣ ወደ ኋላስ ይሄዳል?»

የእንጨቷን ምላስ አነሣሁላት። ሁለቱን አንድ ላይ አንድ አንድ ጥርስ እየመለሰች፣ ዓመቶቹን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አባባ ያስተማሩኝ ዓመት ላይ እንድታቆም ነገርኳት። 2017፣ 2016፣ 2015። እሷ የተወለደችበትን አለፈች። ትንሹ መንኮራኩር አንዴ ዞሮ ተመለሰ፤ ቀጠለች። ሁለተኛ ሲዞር 1980 ላይ ደረሰችና እጇን አነሣች። ሠላሳ ስምንት ጥርስ።

የ19ኙ መንኮራኩር ከጀመረበት ጥርስ ላይ ነበር። መደብ 13፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። የ28ቱ ግን ዐሥር ጥርስ ርቆ ቆሟል፤ በመስኮቱ ዘመነ ዮሐንስ፣ ቅዳሜ ይላል።